አንደኛ ተጠባባቂ

ሮማነወርቅ የመንግሥት ሥራ የገባችው ሰው አስይዛ ነው ይባላል።

ወሬው የተነሳው ከሾላ ገበያ ነው። ከዚያ ሲነሳ «ጠቁማበት ተያዘ» ነበር። የካ ሚካኤል ሲደርስ «ራሷ መኪናውን እየመራች ሄዳ ቤቱን አሳየች» ሆነ። ላምበረት ሲደርስ ሽጉጥ ታጠቀች። ሽጉጡን ማን እንዳስታጠቃት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ እኔም ብሆን አንድ ሁለት ጊዜ ሳወራው ሽጉጡን አልቀነስኩም።

ሮማነወርቅን ያየ ሰው ግን በዚህ መሳቅ አለበት። ዶሮ ለማሳረድ ጎረቤት ለምና፣ ዶሮዋ ጸጥ እስክትል የራሷን ጆሮ ደፍና ከግቢ የምትወጣ ሴት ናት። የሆነው ነገር ሌላ ነው። ከወሬው ይሻላል አልልም፤ ሌላ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ሮማነወርቅ ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ከየካ ሚካኤል ጀርባ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። እናቷ ቀድማ ሞተች። ከዚያ ወንድሟ፣ ያ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሚቀርበት ዘመን፣ አንድ ማለዳ ወጥቶ ቀረ። አባቷ አቶ ዓምደ ሚካኤል የደብር ጸሐፊ ነበሩ፤ ልጃቸውን ሦስት ዓመት በር በሩን እያዩ ጠብቀው እሳቸውም ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እሷ የምትኖረው በሹራብ ሥራ ነው። ሰው ክሩን ያመጣል፣ ትከሻውን ትለካዋለች፣ ይሄዳል። ሲያልቅ መጥቶ ይወስዳል። ክሩ ከመጣበት ቀን ሹራቡ እስከሚወሰድበት ቀን ድረስ በሯን የሚያንኳኳ የለም። አንድ ጊዜ የአንዱን እጅጌ ሆን ብላ አስረዝማ ሠርታለች አሉ፤ ለማሳጠር ተመልሶ እንዲመጣ። ይህን እኔ አላጣራሁም።

ሐሳቧ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ላይ ነበር። ደመወዙም አለ፤ ግን እሷ ስትናገር የምታነሳው ሌላ ነገር ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ጠዋት ሲገባ እንዴት አደርሽ ይልሻል፤ አንድ ቀን ብትቀሪ ለምን ቀረሽ ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ እንዲያውም በጽሑፍ ይጠይቅሻል ትል ነበር።

ፈተናውን ላልቀመሰው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ነገር ግን ጋዜጣው ስኳር ተጠቅልሎበት እኛ እጅ የሚገባው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ሥራ ፈላጊ የሆነ ሁሉ በእግሩ የየመሥሪያ ቤቱን ሰሌዳ ሲዞር ይውላል። ያገኘ ይመዘገባል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከቀበሌ ደግሞ በአብዮቱ ሥራ ነቅቶ እንደሚሳተፍ የሚመሰክር ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ለዚህ ደብዳቤ ስትል ሮማነወርቅ ከሴቶች ማኅበር ስብሰባ ቀርታ አታውቅም። ከኋላ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች፤ መፈክር ሲባል ከነመርፌዋ እጇን ታነሳለች። ሊቀመንበሯ አንድ ቀን ይህቺ ልጅ የታጠቀች ትመስላለች ብላ አመስግናታለች።

ለተመዘገበ ሰው ቁጥር ይሰጠዋል፤ በቁጥሩ ተራ ይቀመጣል። አማርኛ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ ጠቅላላ ዕውቀት የሚሉትም አለ፤ ይኸኛው በዚያን ጊዜ ግማሹ የአፍሪካ ወንዞች፣ ግማሹ የሠራተኛው መደብ ነበር። ያለፈ ለቃል ፈተና ይጠራል። ከዚያ ሁሉም ተደምሮ ስም ይለጠፋል። ከላይ የተመረጡት፣ ከሥራቸው መስመር ይሰመርና ሁለት ተጠባባቂ። የተመረጠ ሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ዋናውን ማስረጃ ይዞ ካልቀረበ ይሰረዛል፤ በእሱ ቦታ አንደኛ ተጠባባቂ ይገባል። እንግዲህ አንደኛ ተጠባባቂ ማለት፣ ሥራው ሌላ ሰው እስኪቀር መጠበቅ የሆነ ሰው ነው።

ሮማነወርቅ ከዚህ በፊት አራት ጊዜ ተፈትና አራት ጊዜ ከመስመሩ በታችም ከመስመሩ በላይም ስሟን አጥታለች። የዚህኛው ማስታወቂያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ብዛት ሦስት፣ ዕድሜ ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠ ይላል። እሷ በጥር ሠላሳ አንድ ትሞላለች። ፈተናው የተሰጠው በኅዳር ነው። ከዚህ ወዲያ ሌላ ፈተና አልነበራትም።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተፈተነ። እሷ ሁለት መቶ ሰባት ነበረች። ከጎኗ የተቀመጠው ሁለት መቶ ስምንት ቀይ ወፍራም ጋቢ የለበሰ፣ ጫማው ላይ የደጋ ጭቃ የደረቀ ልጅ ነው። በዕረፍቱ ሰዓት ሁሉም ሰው ምን መለስክ፣ ምን መለስሽ እየተባባለ ሲንጫጫ፣ እነዚህ ሁለቱ የሚጠይቁት ሰው ስለሌላቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። ልጁ ከኪሱ የገብስ ቆሎ አውጥቶ ዘገነላት። ኤጀታ ሰቦቃ እባላለሁ አለ፤ ከእንጦጦ ራጉኤል ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ከሚያዘቀዝቀው በኩል ነኝ፤ ከአገራችን አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኔ ብቻ ነኝ አላት። እሷም ሹራብ እንደምትሠራ ስትነግረው፣ ሥራ ከያዝን አንድ ትሠሪልኛለሽ ብሎ ቀለደ። ያን ዓመት ከሰው ጋር የበላችው ቆሎ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ስትነግረኝ ጨው ያልነካው መሆኑን ሳይቀር አስታውሳ ነው።

ውጤቱ በታኅሣሥ ተለጠፈ። ሦስተኛ፣ ኤጀታ ሰቦቃ። ከዚያ መስመር። አንደኛ ተጠባባቂ፣ ሮማነወርቅ ዓምደ ሚካኤል። በግማሽ ነጥብ በልጧታል። ሁለተኛ ተጠባባቂ፣ ሙሚና የምትባል ልጅ።

የሠራተኛ አስተዳደሩ ጸሐፊ አቶ ሀሚድ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጓድ ሲሉት የሚያመው ሰው ነበር። ሮማነወርቅ በየቀኑ እየሄደች ከቢሮው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሙሚናም ከጎኗ። ሮማነወርቅ የምትጠብቀው ኤጀታ እንዲቀር ነው፤ ሙሚና የምትጠብቀው ሮማነወርቅ እንድትቀር ነው። እንደዚያም ሆኖ በአንድ ጃንጥላ ነበር የሚሄዱት። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ይማርሽ ከማለቷ በፊት ትንሽ ቆም ትል እንደነበር ግን አቶ ሀሚድ አጫውቶኛል።

ከተመረጡት ሁለቱ በሳምንቱ መጥተው ፈረሙ። ሦስተኛው የለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው፣ አቶ ሀሚድ ብቅ ብሎ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጊዜው ያበቃል፣ ዋናውን ማስረጃሽን ይዘሽ ነይ አላት።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። መንገዱን ሙሉ ደስ ሊለኝ ይገባል እያለች ሄደች። ቤቷ ደርሳ በሩን ከፍታ ቆመች፤ የምትነግረው ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የመጣባት። ሰው እንዲቀር ተመኝታ አታውቅም ነበር። ከቤቷ የቀሩት ሁሉ ሳትመኝ የቀሩ ናቸው። ወንድሟም የቀረ ጊዜ፣ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ እንዲህ ሆኗል ያላቸው የለም። አሁን ደግሞ አንድ የምታውቀው ልጅ ቀርቷል፤ እሷም አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ቀኑን ትቆጥርበታለች።

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት ለአቶ ሀሚድ ልፈልገው ነው አለችው።

«ሕጉ ጠብቂ ይላል እንጂ ፈልጊው አይልም» አላት።

«ስሙን አይቶት እንደሆነ ብቻ ልወቅ።»

አቶ ሀሚድ ወደ አግዳሚው ዞር ብሎ ሙሚናን አየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንቺ ልጅ እንጀራሽን በእጅሽ አትግፊ አላት። እሷ ግን በአውቶቡስ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ሄዳ፣ ከዚያ በእግሯ የእንጦጦን ዳገት ተያያዘችው።

እሷ ያላወቀችው ነገር ይህ ነው። የኤጀታ አክስት በሾላ ገበያ እንቁላል ትሸጣለች። ውጤቱ የተለጠፈ ሰሞን አንድ ተማሪ እንቁላል ሲገዛት አገሯን ይጠይቃታል፤ ስትነግረው፣ ኤጀታ ሰቦቃ የሚባል የእናንተ አገር ሰው ስሙ መንግሥት ቤት ተለጥፎ አየሁ ይላታል። ያን ዓመት ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠሩ ልጆች ስም በየቀበሌው ግድግዳ ይለጠፍ ነበር፤ ያልተለጠፈውንም ከመንገድ ያፍሱታል። ሴትዮዋ የቀረውን እንቁላል ሳትሸጥ ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። በዚያው ቀን ማታ ኤጀታ ከአጎቱ ዘንድ፣ ሱሉልታ፣ ከብት ጋጥ ውስጥ ተኝቷል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ አራት መቶ ዘጠኝ ሰው በልጦ፣ ማለፉን እንደ ሞት ፍርድ ሸሽቶ ተደበቀ። እሱም ቢሆን የፈተናው ውጤት ይሆን ብሎ አላመነታም፤ ስሙ የተለጠፈ ሰው ለሥራ ሲጠራ በዘመኑ አላየማ።

ሮማነወርቅ እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ራጉኤልን አልፋ፣ የባሕር ዛፉን መንገድ ይዛ፣ የሰቦቃ ቤት የት ነው እያለች የደረሰችው። የከተማ ቀሚስ፣ የእጅ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ ወረቀት። ከዚህ በላይ ምን ያስፈራል? መጀመሪያ ያገኘችው እንጨት ሲፈልጥ የነበረውን ኢቲቻን፣ የቅርብ ጎረቤታቸውን ነው። ኤጀታ ባለፈው ክረምት ሞተ፣ ነፍሱን ይማር አላት። ትንሽ አልፋ የጠየቀቻት ሴት ወለጋ ሄዷል፣ ሚስት አግብቷል አለች። ከእናቱ ከአዴ ጫልቱ ደጅ ስትደርስ፣ አዴ ጫልቱ ጭራሽ አልወለድኩትም አሉ። በአንድ ቀን ሞቶ፣ አግብቶ፣ ሳይወለድ ቀረ።

«ኤጀታ የሚባል ልጅ የለኝም» አሉ አዴ ጫልቱ፣ በሩን በትከሻቸው ይዘው።

«አዴ፣ ፈተናውን አልፏል። ሥራ ነው። ዓርብ ካልቀረበ ይቀርበታል።»

«የሌለ ልጅ ምን ይቀርበታል?»

ሮማነወርቅ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ግድግዳውን አየች። ግድግዳው ነፋስ እንዳያስገባ በደብተር ወረቀት ተለጥፏል፤ በያንዳንዱ ወረቀት አናት ላይ በአንድ የእጅ ጽሑፍ ኤጀታ ሰቦቃ፣ አሥራ አንደኛ ለ ይላል። ያልተወለደው ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሶ ግድግዳውን ሞልቶታል። እሷ ግን ለእናት ይህን ለማለት አፏ አልታዘዘላትም።

አዴ ጫልቱ የጎረቤታቸውንም ልጅ ሥራ አለህ ብለው እንደጠሩት፣ ከሄደ ሁለት መኸር እንዳለፈ ተናገሩ። ከዚያ ከእግር እስከ ራሷ አይተዋት ጠየቋት።

«አንቺስ ምኑ ነሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። የክፍል ጓደኛው ነኝ ብትል፣ እጮኛው ነኝ ብትል፣ ምናልባት ይገባላት ነበር። የደብር ጸሐፊ ልጅ ሆና እውነቱን ተናገረች።

«ከእሱ ቀጥሎ ያለሁት ነኝ። እሱ ከቀረ ቦታው ላይ የምገባው እኔ ነኝ።»

ይህ ነገሩን ፈጽሞ አበላሸው። ራሷን ልትጎዳ ዳገት የወጣች ሰው አዴ ጫልቱ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ብትዋሻቸው እንኳ ይሻል ነበር፤ እውነቷን ነው ብለው ቢያምኑ ያብዳሉ። ሮማነወርቅ የሹራብ ልክ ከምትጽፍበት ደብተር አንድ ቅጠል ቀድዳ፣ ሦስተኛ ወጥተሃል፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ዋናውን ማስረጃ ይዘህ ና ብላ የመሥሪያ ቤቱን ስም ጻፈች። ከሥሩ በስሟ ፈንታ 207 ብላ ፈረመች፤ እሱ ያውቀኛል ብላ። አዴ ጫልቱ ወረቀቱን በሁለት ጣት ተቀበሉ።

ያ ወረቀት ረቡዕ እጃቸው ገብቶ ሐሙስና ዓርብ የገብስ እንቅብ ውስጥ ተቀመጠ። ምክንያቱም በዚያ ቤት ማንበብ የሚችለው ኤጀታ ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው ቢያሳዩ ልጃቸው እንዳለ መናገራቸው ነው። ወደ ሱሉልታ በአዘቦት ቀን ብቅ ቢሉ ሰው ይከተላቸዋል። ስለዚህ ቅዳሜን ጠበቁ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ሀሚድ መዝገቡን ከፈተ። ሮማነወርቅ እስከ ሰኞ እንዲጠብቅላት ለመነችው። ሰኞ ይመጣል አለችው። አቶ ሀሚድ እኔ ብጠብቅም ወረቀቱ አይጠብቅም፣ አንቺ ካልፈረምሽ የምትፈርመው ይህችው ናት ብሎ በአገጩ ወደ ደጅ አመለከተ። ሙሚና ክፉ ልጅ አይደለችም። ግን ይህን ስትሰማ ከአግዳሚው ተነስታ ማስረጃዎቿን በቅደም ተከተል ማስተካከል ጀመረች።

ሮማነወርቅ ፈረመች።

ኤጀታ ወረቀቱን ያነበበው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሁለት መቶ ሰባት ስትል ማን እንደሆነች ገባው፤ ሳቀ አሉ። ዓርብ ቢያልፍም ሰኞ ጠዋት ሄጄ አስረዳለሁ፣ መደበቄን እነግራቸዋለሁ፣ ሰው ናቸው አለ። እናቱ እንዳይሄድ ጋቢውን ይዘው ነበር። ሰኞ ማለዳ ማስረጃውን በደረቱ ይዞ ከኢቲቻ ጋር፣ ሞተ ብሎ ከቀበረው ሰው ጋር፣ ዳገቱን ወረደ። ሮማነወርቅ የመጀመሪያ ቀኗ ስለሆነ ቀድማ ገብታ፣ አንዱ ባልደረባ እንዴት አደርሽ ብሏት፣ ደህና አደርኩ ብላ ወንበሯን ስትስብ፣ እነሱ የዳገቱ ግርጌ ደርሰዋል። አፈሳ ነበር። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ያለውን ያልፉታል። ኢቲቻ ጢሙ ሽበት ስለሆነ አለፉት። ኤጀታ ማስረጃውን አውጥቶ አሳያቸው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው ይላል። ከዚህ የተሻለ አላስፈለጋቸውም።

አዴ ጫልቱ በሐሙሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጡ። ወረቀቱን ለዘበኛው፣ ዘበኛው ለአቶ ሀሚድ ሰጠ። አቶ ሀሚድ አነበበው። ይህን የጻፈችው የት ናት ሲሉ ሮማነወርቅ ከመዝገቦቹ መካከል ብድግ አለች። አዴ ጫልቱ መጀመሪያ እሷን አዩ፣ ከዚያ የተነሳችበትን ወንበር አዩ። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ወጡ።

በሳምንቱ አክስትየዋ በሾላ ገበያ እንቁላል እየቆጠረች ወሬውን ጀመረችው። ልጅቷ መጥታ ቤቱን አጠያየቀች፤ ወረቀት ተወች፤ ወረቀቱ ጠራው፤ ተያዘ፤ ቦታው ላይ እሷ ተቀመጠች። እያንዳንዱ ነገር እውነት ነው። ሲደመር ነው የሚዋሸው።

ሮማነወርቅ የምትችለውን ሞክራለች። አቶ ሀሚድ፣ ከሕጉ ውጭ እስክሪብቶ የማያነሳው ሰው፣ የተጠቀሰው ግለሰብ ፈተናውን ያለፈ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም አደረገላት። ይዛው ሦስት ቢሮ ዞረች። ሁለቱ ወደ ሌላ ቢሮ መሯት፤ ሦስተኛው ደብዳቤውን ተቀብሎ አስቀረው። መልስ አልመጣም። ከልጁም፣ ከተላከበት ከሰሜን ጦር ግንባር፣ አንድ መስመር አልመጣም።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንዴት አደርሽ የሚላት ሰው አላጣችም። ወሬው ከደረሰ በኋላ ግን እንዴት አደርሽ ብለው መልሱን ሳይሰሙ የሚያልፉ በዙ። ሻይ ሰዓት ላይ ስትመጣ ወሬ ይቀየራል። የካ ሚካኤል ጀርባም ክር የሚያመጣላት ሰው ቀነሰ። አንድ ቀን ታማ ብትቀር ለምን ቀረሽ ብሎ የጠየቃት አቶ ሀሚድ ብቻ ነው፤ እሱም በጽሑፍ።

እሑድ እሑድ እንጦጦ ትወጣለች። መጀመሪያ በሩ አልተከፈተላትም፤ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራና ጥላው ሲረዝም ትወርዳለች። ከፋሲካ በኋላ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቃት። ገባች። ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንም ውጪም አላላትም። አዴ ጫልቱ በአንደኛው ጥግ ጥጥ ይፈትላሉ፤ እሷ በሌላው ጥግ ትሠራለች። የምትሠራው ቡናማ የወንድ ሹራብ ነው። የትከሻውን ልክ ማን እንደሰጣት አልጠየቅኋትም፤ አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ተፈትና የለ።

በሰኔ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋ አለቀ፤ ቋሚ የምትሆንበት ደብዳቤ ደረሳት። የምትነግረው ሰው አንድ ብቻ ስለነበር እሑድ ይዛው ወጣች። ዝናቡ ጀምሯል፤ ግድግዳው ላይ ያሉት የደብተር ወረቀቶች በጠርዛቸው ረጥበዋል። ጥጓ ላይ ተቀመጠች፤ ደብዳቤውን ግን ከቦርሳዋ አላወጣችም።

«አዴ፣ ቋሚ አደረጉኝ» አለች።

እንዝርቱ ይሽከረከራል።

«ከመጣ ግን ከወንበሩ እነሳለታለሁ።»

እንዝርቱ አልቆመም።